የአንዲት ጠብታ ምስክርነት

ደም ለመለገስ በገባሁበት ድንኳን ውስጥ ከፊቴ አንዲት ወጣት ነበረች። ነርሷ የጣቷን ጫፍ በአልኮል ጠርጋ ጠቅ አደረገቻት። የወጣውን ደም በቀጭን ቱቦ ስባ ሰማያዊ ፈሳሽ ወዳለበት ትንሽ ብርጭቆ ጠብ አደረገችው። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ጠብታዋ ጥቂት ወረደች፤ መሀል ላይ ቆመች፤ ከዚያ ዕቃ ረስቶ እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች።

«የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ አትሰጪም» አለቻት ነርሷ። «ደምሽ ትንሽ አነስ ብሏል። ጤና ጣቢያ ታዪና ሲስተካከል ትመጫለሽ።» ልጅቷ ጥፋት እንዳጠፋ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

የኔ ጠብታ እንደ ጠጠር ወርዳ ብርጭቆው ሥር ዐረፈች።

ሰማያዊው ፈሳሽ ኮፐር ሰልፌት ነው። ክብደቱ አስቀድሞ ተለክቶ የተበጠበጠ ስለሆነ፣ በዴሲ ሊትር 12.5 ግራምና ከዚያ በላይ ሄሞግሎቢን ያለው ደም በ15 ሰከንድ ውስጥ ይሰምጥበታል፤ ከዚያ ያነሰው ይንሳፈፋል ወይም መሀል መንገድ ይቀራል። ኤሌክትሪክ አይፈልግ፣ ባትሪ አይፈልግ። «ይህ ሰው ለሌላ የሚተርፍ ደም አለው?» ለሚለው ጥያቄ አንዲት ጠብታ ቁርጥ ያለ መልስ ትሰጣለች።

አልጋው ላይ ተጋድሜ የላስቲክ ኳሷን እየጨበጥሁ፣ ከረጢቱ ሲሞላ እያየሁ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። መስጠት የሚችለውን ጠብታ ከለየችልን፣ መቀበል ያለበትንስ? አደጋ ደርሶበት የመጣ ሰው በሚቀጥሉት ሰዓታት ስንት ከረጢት ደም እንደሚፈልግ፣ ገና ሳይዝለፈለፍ፣ ከደሙ ማወቅ ይቻላል? የአደጋ ሕክምና ባለሙያዎች በዚህ ጥያቄ ሲለኩ፣ ሲቆጥሩና ሲከራከሩ ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን የደረሱበት መልስ ባጭሩ «ይቻላል፤ ግን ጠብታዋን ምን ብለህ እንደምትጠይቃት እወቅ» የሚል ነው።

«ተመስገን፣ ደሙ ደህና ነው»

ቀጥሎ የምናገኘው የግንባታ ሠራተኛ አንድ የተወሰነ ሰው አይደለም። ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ሁሉ የሚያውቁት፣ ስሙና ሰፈሩ እየተቀያየረ የሚመጣ ሰው ነው። ለማስረዳት እንዲመች አንድ ገላ ሰጥተነዋል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከታሰረ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው የወደቀው። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ጠንካራ ልጅ ነው። ይናገራል፤ ስሙን ያውቃል፤ ስልኩ የት እንደወደቀ ይጠይቃል። ክርኑ ላይ ካለው ጭረት በቀር የሚታይ ደም የለም። የሚያመው ዳሌው ነው። የላይኛው የደም ግፊቱ 104፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 118። እጁ ቀዝቅዟል፤ ግንባሩን ላብ ላብ ብሎታል።

ይዞት የመጣው አጎቱ የላብራቶሪው ወረቀት ሲደርስ ወደ ሐኪሟ ጠጋ ይላል።

«ዶክተር፣ ደሙ ስንት ሆነ?»

«13.6።»

«ተመስገን! እኔ እንኳ ባለፈው 12 ነው የተባልሁት። ደህና ነው ማለት ነው?»

«ገና እያየነው ነው፣ ጋሼ።»

አጎትየው የጠየቀው ሁላችንም የምንጠይቀውን ነው። በእኛ አገር «ደሙ ስንት ነው?» ማለት «ሄሞግሎቢኑ ስንት ነው?» ማለት ነው። ሄሞግሎቢን ግን የደምን ውፍረት እንጂ የደምን ብዛት አይናገርም። የጠላ ገንቦ አስቡ። ገንቦው ተንጋዶ ግማሹ ቢደፋ፣ ከቀረው ቀድታችሁ ብትቀምሱ ያው ጠላ ነው። ቅራሪ የሚሆነው ውሃ ሲገባበት ነው። ከተበጠሰ ደም ሥር የሚፈሰውም ቀይ ሕዋሱ ከነውሃው ስለሆነ፣ የቀረው እንደ ቀድሞው ወፍራም ነው። የሚቀጥነው ሰውነት በዙሪያው ካለው ሥጋ ውሃ እየሳበ ወደ ደም ሥር ሲመልስ፣ አለዚያም እኛ በልማድ «ግሉኮስ» የምንለውን ፈሳሽ ስንሰቅልለት ነው። እስከዚያ ድረስ 13.6 የሚለው ቁጥር እውነት ነው፤ የሚመሰክረው ግን ስለቀረው ደም እንጂ ስለሄደው አይደለም።

ይህ ማለት ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሕመምተኛው እንደደረሰ በተወሰደው ናሙና ሄሞግሎቢኑ ከ10 በታች ከተገኘ ነገሩ የከፋ ነው፤ ደም ማፍሰሱን ለማስቆም አስቸኳይ ሥራ የሚያስፈልገው የመሆኑ ዕድል ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ዝቅ ብሎ ሲገኝ እንመነው፤ ከፍ ብሎ ሲገኝ ግን ዋስ አድርገን አንያዘው።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለው፤ መነሻው አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምሮ፣ የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 መሆኑን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹን ያስገረማቸው ቁጥሩ በባሕር ጠለል ከፍታ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም አለመራቁ ነበር፤ በዚያው ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ሰዎች ደም ከዚህ በጣም ይወፍራልና። በሌላ በኩል ወባና የአንጀት ትል በሚበዛበት ቆላ፣ ወይም ወልዳ ብዙም ባልቆየች እናት ዘንድ፣ 10 ወይም 9 ማለት ከአደጋው በፊትም የነበረ ሊሆን ይችላል። አንድ ቁጥር ብቻውን «ዛሬ የፈሰሰ» እና «ድሮም ያልነበረ» ብሎ አይለይም።

የደም ግፊቱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይታመንም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሥሮቹ 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ከዚያ 15 በመቶው ቢሄድ ብዙም ምልክት ላይታይ ይችላል። የላይኛው ግፊት በግልጽ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶው ገደማ፣ ማለትም አንድ ሊትር ተኩል ያህል ከሄደ በኋላ ነው። ወጣት ሰውነት ገበናውን ይሸፍናል። ልቡ ይፈጥናል፤ የእጅና የእግር ሥሮቹን ያጠባል፤ ያለውን ደም ለአንጎልና ለልብ ይቆጥባል። ሽፋኑ ሲገለጥ ግን ድንገት ነው፤ የዚያን ጊዜ ለመሮጥ ጊዜ አይኖርም። የተሰበረ ዳሌ ደግሞ አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ ሳያሳይ ሊትሮችን ውስጥ ውስጡን ሊያጠራቅም ይችላል።

ጭሱን ማየት

ሐኪሟ የምታየው ሌላ መስመር ነው። ላክቴት፤ 5.8።

የሰውነት ሕዋስ ኦክስጅን ሲያጥረው ሥራውን አያቆምም። ያለ ኦክስጅን ስኳር ማንደድ ይጀምራል፤ ከዚህ የሚወጣው ላክቴት ይባላል። አየር ያነሰው ምድጃ እሳቱ ሳይጠፋ እንደሚጨስ ማለት ነው። ምድጃውን ማየት ባንችል ጭሱን ማየት እንችላለን። ደም ሲጎድል ወደ ጡንቻ፣ ወደ አንጀትና ወደ ቆዳ የሚሄደው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ግፊቱ ገና 104 ላይ ሳለ ጭሱ ደም ውስጥ መታየት ይጀምራል። ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሳለ ላክቴቱ በሊትር ከ2 ሚሊ ሞል በታች ነው። ከ4 ሲያልፍ የአደጋ ሐኪም ተቀምጦ አያነብበውም።

ይህ ነገር ለአትሌቶቻችን አሠልጣኞች እንግዳ አይደለም። ልምምድ መሀል ከጣት ወይም ከጆሮ ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ፣ በኪስ በምትያዝ መሣሪያ፣ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይለኩታል። ጠንክሮ የሮጠ ሰው ላክቴት ከ10 ሊበልጥ ይችላል። ልዩነቱ በኋላ ነው። ሯጩ ትንፋሹ ሲመለስ ጉበቱና ጡንቻው ላክቴቱን አጥበው ይጨርሱታል፤ እየደማ ያለው ሰው ግን ዕዳው በየደቂቃው ይጨምራል እንጂ አይከፈልም። ስለዚህ ከአንድ ልኬት ይልቅ የሁለት ልኬቶች ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1993 በ76 ከባድ ጉዳተኞች ላይ የወጣ ጥናት ይህንን በጥሬው አሳይቷል። በ24 ሰዓት ውስጥ ላክቴታቸው ወደ ጤናማው ልክ የተመለሰላቸው 27ቱም ተርፈዋል፤ 48 ሰዓት አልፎም ካልተመለሰላቸው 22 ሰዎች የተረፉት 3 ብቻ ነበሩ።

የላክቴት የቅርብ ዘመድ ቤዝ ዴፊሲት ነው። ደም ከአሲድ ጋር ሲታገል ማብረጃውን ምን ያህል እንደጨረሰ የሚለካ ቁጥር ነው። የጀርመን የአደጋ መዝገብ ከ16,000 በላይ ጉዳተኞችን በዚሁ ቁጥር በአራት ደረጃ ከፍሏቸዋል፤ እስከ 2፣ እስከ 6፣ እስከ 10፣ ከ10 በላይ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነው ውጤት የመጀመሪያው ደረጃ ሰዎች በአማካይ 1.5 ከረጢት የደም ውጤት ሲወስዱ፣ የመጨረሻዎቹ 20.3 ወስደዋል። ሐኪሞች በትምህርት ቤት ከተማሩት የግፊትና የልብ ምት ሠንጠረዥ ይልቅ ይህ አንድ ቁጥር የደም ፍላጎትን አጥርቶ ለየ።

እነዚህ ምስክሮች ግን በሐሰት የሚመሰክሩበት ጊዜ አለ። የሚጥል በሽታ የተነሳበት፣ አብዝቶ የጠጣ፣ ጉበቱ የታመመ ሰው ሳይደማ ላክቴቱ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ብቻውን አይነበብም። ሐኪሟም ብቻውን አታነብበውም። የልብ ምቱን በላይኛው ግፊት በልቧ ታካፍላለች፤ 118 ለ104፣ ከአንድ ትንሽ በላይ። ይህ ከስዊዘርላንድ የመጡ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋወቁት የሾክ ኢንዴክስ ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ0.5 እስከ 0.7 ነው። ከአንድ ሲያልፍ ምንም ሳይከፈልበት የሚገኝ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

«ጋሼ» ትላለች ወደ አጎትየው ዞራ። «ያለው ደምስ ደህና ነው። እኔን ያስጨነቀኝ የሌለው ነው።»

ሁለት ነርሶች አንሶላ አጥፈው በልጁ ዳሌ ሥር ያሳልፋሉ፤ በጭኑ አጥንት ጉልላት ትክክል ጠበቅ አድርገው ያስሩታል። የተሰበረው ዳሌ ሲገጥም ለደም የሚተርፈው ባዶ ቦታ ይጠብባል። ሐኪሟ ስልክ ታነሳለች።

ፈትሉ ያለቀበት

ደም የሚጎድለው በብዛት ብቻ አይደለም፤ በጠባይም ይለወጣል። ይህንን የለንደን ሐኪሞች ባያሳዩ ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ሌላ ነበር።

እ.ኤ.አ. እስከ 2000ዎቹ መግቢያ የተለመደው እምነት፣ ጉዳተኛ ደሙ አልረጋ የሚለው ሐኪም ካፈሰሰበት ፈሳሽና ከብርዱ የተነሣ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ካሪም ብሮሂና ባልደረቦቹ በሮያል ለንደን ሆስፒታል፣ አብዛኞቹ በሄሊኮፕተር የመጡ 1,088 ጉዳተኞችን ውጤት አወጡ። ከመካከላቸው 24.4 በመቶው ሆስፒታል ሲደርሱ ደማቸው የመርጋት ችሎታውን አጥቷል። ከእነዚህ 46 በመቶው ሲሞቱ፣ የመርጋት ችግር ካልነበረባቸው የሞቱት 10.9 በመቶ ናቸው። ነገሩን የፈሳሹ ብዛትም አላብራራውም። ችግሩ ከሕክምናው ሳይሆን ከጉዳቱ ጋር አብሮ የሚወለድ ነበር።

ለምን? ቀጭን ሥሮች ደም ሲርባቸው የውስጥ ሽፋናቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ኬሚካሎችን ይለቃል። በጤና ጊዜ ይህ ብልህነት ነው፤ ፍሰቱ የዘገየ ደም በየሥሩ ቋጥሮ እንዳይቀር ይጠብቃል። በአደጋ ጊዜ ግን ያው ብልህነት ጠላት ይሆናል። የደም መርጊያው ዋና ፈትል ፋይብሪኖጅን ይባላል። ጉዳት ባለበት ቦታ ይህ ፕሮቲን ወደ ክር ይለወጣል፤ ክሮቹ እንደ መረብ ይጠላለፋሉ፤ ፕሌትሌቶችና ቀይ ሕዋሶች ተይዘው ወንፊቱን ይደፍኑታል። ብዙ ደም ሲፈስ ከመርጊያ ቅመሞች ሁሉ ቀድሞ አደገኛ ልክ ላይ የሚደርሰው ይኸው ፈትል ነው። ጤነኛ ሰው በሊትር ከ2 እስከ 4 ግራም አለው፤ የአውሮፓ መመሪያ ከ1.5 በታች ሲወርድ ይተካ ይላል።

ችግሩ መልሱ መቼ ይደርሳል የሚለው ነው። በዚሁ በለንደን እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት፣ የተለመደው የመርጋት ምርመራ ከላብራቶሪ የተመለሰው በመካከለኛ ግምት ከ78 ደቂቃ በኋላ ነበር። ለሚደማ ሰው 78 ደቂቃ ብዙ ነው። ከባድ ደም መፍሰስ የሚገድላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ውስጥ ነውና። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ወደ አሮጌ ሐሳብ ተመለሱ። ጀርመናዊው ሐኪም ሄልሙት ሃርተርት እ.ኤ.አ. በ1948 ደም ሲረጋ ጥንካሬውን በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ አስተዋውቆ ነበር። ደሙ በትንሽ ኩባያ ይቀመጣል፤ ውስጡ ቀጭን ምሰሶ አለ። ደሙ እየረጋ ሲሄድ ኩባያውንና ምሰሶውን ያያይዛቸዋል፤ ይህ መያያዝ እየሰፋ የሚሄድ ሥዕል ሆኖ ይወጣል። የዘመኑ መሣሪያ በአምስት ደቂቃ የረጋውን ጥንካሬ በሚሊ ሜትር ይናገራል። በለንደኑ ጥናት 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነባቸውን በመያዝ፣ ብዙ ደም ከሚያስፈልጋቸው መካከል 71 በመቶውን ለይተዋል፤ የተለመደው ምርመራ ግን 43 በመቶውን ብቻ ነው የለየው።

እዚህ ላይ ታሪኩን «መሣሪያው ሕይወት አዳነ» ብሎ መዝጋት ደስ ይል ነበር። ውጤቱ ግን እንዲያ ቀጥ ብሎ አልሄደም። በአሜሪካ ዴንቨር በ111 ጉዳተኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሙከራ፣ በመሣሪያው የተመሩት ሞት 19.6 በመቶ፣ በተለመደው ምርመራ የተመሩት 36.4 በመቶ መሆኑን ዘገበ። ከዚያ በአውሮፓ በ396 ሰዎች የተደረገው ሰፊ ሙከራ መጣ፤ በ24 ሰዓት ብዙ ደም መውሰድ ሳያስፈልጋቸው በሕይወት የነበሩት በመሣሪያው 67፣ በተለመደው 64 በመቶ ሆኑ፤ ልዩነት አለ ለማለት አይበቃም። ሳይለኩ ለሁሉም መስጠትም አልበጀም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1,600 በሚበልጡ ጉዳተኞች ላይ የወጣው የክሪዮፕሪሲፒቴት (ፋይብሪኖጅን የበዛበት የፕላዝማ ውጤት) ሙከራ፣ ቀድሞ ለሁሉም መስጠቱ ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ቁጥር አንብቦ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ባወቁት ፈጥኖ መሥራት ሌላ ነገር ነው። መሣሪያ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይሠራም።

ስልኩ ሲነሳ

የትንበያ ዋጋው ስልክ ለማንሳት በሚፈጀው ጊዜ ይለካል። በሰሜን አሜሪካ 12 ማዕከላት 680 ከባድ ጉዳተኞችን ያሳተፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ትልቅ ሙከራ ፕላዝማ፣ ፕሌትሌትና ቀይ ሕዋስ በእኩል ልክ መስጠትን መርምሮ ነበር። በእኩል ልክ ከተሰጣቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ፈስሶ የገደላቸው 9.2 በመቶ ሲሆኑ፣ የፕላዝማና የፕሌትሌት ድርሻው በግማሽ ካነሰባቸው 14.6 በመቶ ነበሩ። ከዚያው መረጃ በኋላ የወጣ ሌላ ስሌት ይበልጥ ያስደነግጣል፤ የመጀመሪያው የደም ሣጥን በዘገየ ቁጥር፣ በእያንዳንዷ ደቂቃ የመሞት ዕድል 5 በመቶ ይጨምር ነበር። እነዚያ ሆስፒታሎች ሣጥኑን የሚያደርሱት በመካከለኛ ግምት በ8 ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች ላብራቶሪም ሳይጠብቁ የሚገምቱበት ዘዴ አበጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በቴነሲ የወጣው አንዱ አራት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ጉዳቱ የጥይት ወይም የስለት ነው? የላይኛው ግፊት 90 ወይም ከዚያ በታች ነው? የልብ ምት 120 ወይም ከዚያ በላይ ነው? በአልትራሳውንድ ሆድ ውስጥ ደም ታይቷል? ሁለቱ አዎ ከሆኑ ደም ይጠራል። የእኛ ልጅ በዚህ መለኪያ አንድም አያገኝም፤ ግፊቱ 104፣ ምቱ 118፣ ሆዱ በአልትራሳውንድ ንጹሕ፤ ደሙ የተደበቀው ከሆድ ዕቃ ጀርባ፣ ዳሌው ውስጥ ነው። የያዘው ላክቴቱ ነው። ከዚህ መለኪያ ያመለጠውን ጠብታዋ የምትይዘው እንዲህ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ለረጅም ጊዜ «ብዙ ደም የሚያስፈልገው» የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ 10 ከረጢት የወሰደ ሰው ነበር። ነገር ግን በሁለተኛው ሰዓት አምስት ወስዶ የሞተው 10 አልደረሰምና በቆጠራው «ያላስፈለገው» ሆኖ ይጻፋል። ደም በጣም ያስፈለገው ሰው ደም እንዳላስፈለገው ተቆጥሮ ይቀበራል። ይህን አይተው ባለሙያዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ 3 ከረጢት መውሰድን መለኪያ ማድረግ ጀመሩ። ትንበያ የሚማረው ከቆጠራ ነውና፣ ቆጠራው ከተንሻፈፈ ትንበያውም ይንሻፈፋል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ትንበያ ብዙም የማይሻው አንድ ርካሽ መድኃኒት አለ፤ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ። በ40 አገሮች 20,211 ጉዳተኞችን ያሳተፈው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሙከራ ሞትን ከ16.0 ወደ 14.5 በመቶ ማውረዱን አሳየ። ከአደጋው በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ይጠቅማል፤ ከዚያ ካለፈ ሊጎዳ ይችላል። እዚህም ዳኛው ሰዓት ነው።

አራት ከረጢት

«ኦ ፖዘቲቭ ስድስት አዘጋጁልኝ» ትላለች ሐኪሟ በስልክ።

«አራት ነው ያለኝ፣ ዶክተር።»

የዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ እንደሚለው በሀብታም አገሮች በአማካይ ከ1,000 ሰው 31.5 የደም ልገሳ ይሰበሰባል፤ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 5 ብቻ። ከዓለም ደም 40 በመቶው የሚሰበሰበው የዓለም ሕዝብ 16 በመቶ በሚኖርባቸው ሀብታም አገሮች ነው። እነሱ ትንበያን የሚፈልጉት ሣጥኑ በ8 ደቂቃ እንዲደርስ ነው። እኛ ደግሞ አራቱ ከረጢት ለማን ይሁን ለሚለው እንፈልገዋለን። የወላዶች ክፍል ከዚሁ ማቀዝቀዣ ይጠብቃል። ስለዚህ «ይህ ሰው ደም ይፈልጋል» የሚለውን ያህል «ይህ ሰው ደም አይፈልግም» ማለት መቻል ሕይወት ነው። ላክቴቱ 1.4 የሆነ፣ ምቱ የተረጋጋ ሰው ሄሞግሎቢኑ 9 ስለሆነ ብቻ ደም ቢሰቀልለት፣ ከረጢቱ ከሌላ ሰው የተነጠቀ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን መሠረቱ እየተጣለ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲን እ.ኤ.አ. በ2010 ማስተማር ጀምሯል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሥር ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ የተቋቋመ ሆስፒታል አለ፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ፊደላት ተሰብስበው በአማርኛ «አቤት» ሆነዋል። ለጠሪው ምላሽ፣ ለተቸገረው ጩኸት የሚሆን አንድ ቃል። በየላብራቶሪው የሚሰማው «መሣሪያው አለ፤ ሪኤጀንት የለም» የሚለው ቃል ግን ገና አልጠፋም። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሚሆነው። የልብ ምትንና ግፊትን ማካፈል ነጻ ነው። በጣት ጠብታ ላክቴት የምትለካው መሣሪያ ትንሽ ናት። ውድ የመርጋት መሣሪያ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ እሱም ሪኤጀንቱ ዓመቱን ሙሉ ከተገኘ።

አራቱ ከረጢት መጡ። ልጁ ሁለቱን እየወሰደ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ፤ ሦስተኛው እዚያው ተሰቀለ። ዳሌው ከውጭ በብረት ታሰረ፤ የሚደማው ቦታ በጨርቅ ተጠቀጠቀ። ላክቴቱ እንደገና ሲለካ 3.1 ሆነ። ሐኪሟ አራተኛውን ከረጢት ሳይከፈት፣ ሳይሞቅ፣ ከቀዝቃዛ ሣጥኑ ሳይወጣ መለሰችው።

ሲነጋጋ አጎትየው አዲሱን ወረቀት አየ። ሄሞግሎቢን፤ 8.9።

«ዶክተር! ወርዷል እኮ! ትናንት 13 ነበር!»

«ትናንት ነው የፈራሁለት፣ ጋሼ። ዛሬ ተሽሎታል።»

አጎትየው ወረቀቱን ገልብጦ አየው። ቅራሪው አሁን ነው የመጣው፤ ገንቦው ግን መፍሰሱን አቁሟል።

ድንኳኑ ውስጥ ተንሳፋፊዋን ጠብታ የለገሰችው ልጅ ትዝ ትለኛለች። እሷ አልደማችም። ደሟ ከወራት ጀምሮ በዚያው ልክ ያለ፣ የረጋ ገንቦ ነው። ለእሷ ሄሞግሎቢን ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፤ መልሱም ትክክል ነው። ያው ቁጥር ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የሚያሳስተው ዋሽቶ አይደለም፤ ያልተጠየቀውን ስለማይመልስ ነው። ስወጣ ነርሷ ክንዴ ላይ ጥጥ ለጥፋ «ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ» አለችኝ። ከረጢቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም፤ ለማን እንደሚሄድ የሚናገር ጽሑፍም አልነበረበትም።